ከሰሌዳው ወደ ቆርቆሮው የማይደርስ ኬሚስትሪ

«ኬሚስትሪን ከመስኮት ማጣበቂያ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛዬ ስሙ አይነሣም። የኬሚስትሪ ተማሪ ነው፤ ጎበዝ ነው፤ የጠየቀኝም መኝታ ክፍላችን ውስጥ ከኔ በላይ ካለው አልጋ ላይ ተጋድሞ ነው። ክርክሩ የተነሣው እኔ «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሊኮን የሚባለውን ነገር፣ ከምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚውል፣ ለልጆች ማስተማር ይገባል» በማለቴ ነው። ሳቀብኝ። «አንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ግጥምህን ጻፍ! ሳይንስ ሌላ፣ ሙያ ሌላ። ኬሚስትሪን ወደ ጓዳና ወደ ጋራዥ ካወረድከው ኬሚስትሪነቱ ይቀራል» አለኝ። መብራት አጥፍተን ተኛን። እሱ ተኛ ማለቴ ነው፤ እኔ አልተኛሁም። መልሴ ይኸው።

በመጀመሪያ አንድ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ያክስቴ ልጅ ቡራዩ ነው የሚኖረው፤ አሥረኛ ክፍል ነው። ቅዳሜና እሑድ አንድ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት ውስጥ እየረዳ ለደብተርና ለትራንስፖርት የምትሆን ገንዘብ ያገኛል። ቡራዩን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከአስኮ አልፎ በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ የተሠራው አዲስ ፎቅ መስኮቱ አሉሚኒየም ነው። በመስታወቱና በአሉሚኒየሙ መካከል ያለችውን ክፍተት የሚደፍናት ያ ከቱቦ እየተገፋ የሚወጣው፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሲልከን» የሚለው ነገር ነው። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ መሥመሩን ሳያቋርጥ ያወርድና በሳሙና ውሃ በነከራት ጣቱ ያለሰልሰዋል።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንዲት እናት የቤታቸው ቆርቆሮ በምስማሩ ቀዳዳ እያፈሰሰ አስቸግሯቸው ወደ ሥራ ቤቱ መጡ። አለቃው ልጁን «ሂድና ድፈንላቸው» አለው። ልጁም ለመስታወት የሚጠቀሙበትን ያንኑ ቱቦ ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣና ምስማሩን አንድ በአንድ ደፈነ። ሴትዮዋም መረቁት። ዘንድሮ ግን ተመልሰው መጡ፤ አሁን የመጡት ለምርቃት አይደለም። ሲልከኑ እየተላጠ ተነሥቷል፤ በሥሩ የነበረው ቆርቆሮ በየምስማሩ ዙሪያ ዝጓል፤ ቀዳዳውም ብሶበታል። አለቃው ቆርቆሮውን በራሱ ወጪ ቀየረላቸውና ገንዘቡን ከልጁ ላይ ቆረጠ። የሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ላቡ ውሃ በላው።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ «ታዲያ ይኼ ምን ኬሚስትሪ አለው? የሠራተኛ ስሕተት ነው» ይለኛል። ቆይ እንጂ! ያ ለመስታወት የሚሆነው ሲልከን ከቱቦው ሲወጣ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የሚሸተውም እውነትም አቼቶ ስለሆነ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጋር ተዋሕዶ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም አቼቶን የሚያኮመጥጠውን ያንኑ አሲድ ይለቃል። የቤታችን ጣሪያ ደግሞ ብረት ነው፤ ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው። አሲዱ ዚንኩን በላው። ዚንኩ ሲሄድ ብረቱ ራቁቱን ቀረ፤ ዝናቡ ደግሞ የቀረውን ጨረሰ። ለቆርቆሮ፣ ለሲሚንቶና ለእምነ በረድ የሚሆነው ሲደርቅ አሲድ የማይለቀው ሌላው ዓይነት ሲልከን ነው፤ እሱም እዚያው ሱቅ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። የሚለያቸው ቱቦው ላይ የታተመች አንዲት መሥመር ናት።

እንግዲህ የሚያንገበግበኝ ነገር ይኼ ነው። የልጁን የኬሚስትሪ ደብተር አገላበጥኩት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ በኛ ፊደል ልጻፈው፦ «ሜታል ፕላስ አሲድ ጊቭስ ሶልት ፕላስ ሃይድሮጅን»። ከሥሩ ምሳሌ አለ። ምሳሌው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዚንክ! መምህሩ በቀይ እስክሪፕቶ ራይት አድርገውበታል። ገጹን ስገልጥ አሲድ ከካርቦኔት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ተጽፏል፤ ይኸውም እምነ በረድ በአቼቶ ለምን እንደሚበላ ማለት ነው። እዚያም ራይት አለ። ልጁ ያውቀዋል! በፈተና ጠይቁት፣ ይመልሳል። ቆርቆሮ ላይ ስታወጡት ግን አያውቀውም። ምክንያቱም ያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዚንክ የእናቶቻችን ጣሪያ መሆኑን፣ ያ አሲድ የተባለው በእጁ የያዘው ቱቦ ውስጥ ያለው መሆኑን የነገረው ሰው የለም።

ነገሩ ሳይበላሽ በፊትም ጠይቆ ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «ሲልከን ለምንድን ነው አቼቶ የሚሸተው?» ሲል መምህሩ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብለው አስቀመጡት። እኒህን መምህር አልወቅስም። ስንት ተማሪ በአንድ ክፍል እንደሚያስተምሩና መጽሐፉን በጊዜ መጨረስ እንዳለባቸው እናውቃለን። የምወቅሰው ያችን «ፈተና ላይ አይመጣም» የምትለዋን ቃል ነው። እሷ ናት ሰሌዳውን ከቆርቆሮው የለየችው።

ራሴንም ልውቀስ። ልጁ ወደኔ መጥቶ «አንተ ዩኒቨርስቲ አይደለህ? እስቲ አንተ ንገረኝ» ሲለኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ፖሊመሮች አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምሬያለሁ፤ ትርጉሙን፣ ዓይነቱን፣ ምሳሌውን ሸምድጄ አልፌያለሁ። በእጁ የያዘው ነገር ፖሊመር መሆኑን ግን አላወቅሁም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው ያነበብኩት። ያነበብኩትንም ልጁ በሚገባው ቋንቋ ነገርኩት፤ ለናንተም ልንገር፤ ከባድ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዐሸዋ ነው። ንጹሕ ነጭ ዐሸዋ ማለት ሲሊከንና ኦክስጅን ማለት ነው። ዐሸዋውን ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ 2,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲያቃጥሉት ኦክስጅኑ ከከሰሉ ጋር ይሄድና ሲሊከኑ ብቻውን ይቀራል። ይኼን ሲሊከን በ300 ዲግሪ አካባቢ፣ መዳብ አጋዥ ሆኖ፣ ሜቲል ክሎራይድ ከሚባል ጋዝ ጋር ያዋሕዱታል። የተገኘው ፈሳሽ ውሃ ሲነካው ክሎሪኑን ይለቅና ሰንሰለት ይሠራል፦ ሲሊከን፣ ኦክስጅን፣ ሲሊከን፣ ኦክስጅን እያለ የሚቀጥል ረጅም ሰንሰለት። ከያንዳንዱ ሲሊከን ጎን ሁለት ሁለት ሜቲል ተንጠልጥለዋል። በቃ፣ ሲሊኮን ይኼ ነው። ሰንሰለቱ አጠር ሲል ዘይት ይሆናል፤ ረዝሞ እርስ በርሱ ሲተሳሰር ጎማ ይሆናል። መሐሉ የድንጋይ ወገን ስለሆነ ሙቀት ይችላል፤ ጎኑ የዘይት ወገን ስለሆነ ውሃ አይደፍረውም። ፌስታል ግን መሐሉም ጎኑም የነዳጅ ወገን ስለሆነ እሳት ገና ሲሸተው ይጨማደዳል።

የታሪኩም ነገር ያስተምራል። ስሙን ያወጣለት ፍሬድሪክ ኪፒንግ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ፣ በኖቲንግሃም፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ነው። ኪቶን ከሚባሉት ውሑዶች ጋር የሚመሳሰል መስሎት «ሲሊኮን» አለው። ተሳስቶ ነበር፤ አይመሳሰልም፤ ስሙ ግን ቀረ። ከዐርባ ዓመት ያህል ድካም በኋላም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህ የጥናት መስክ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት እንዳልሆነ ተናገረ። ብዙም አልቆየም፤ በ1940 ዩጂን ሮኮው በአሜሪካ፣ ከዚያም ሪቻርድ ሙለር በጀርመን፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አገኙ። በ1969 ጨረቃን የረገጠው ጫማ ሶሉ ከሲሊኮን ጎማ የተሠራ ነበር። ሊቅም ይሳሳታል፤ ተስፋም ይቆርጣል፤ ነገሩ ግን ይቀጥላል። ይኼንን ለአንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ መንገር ኬሚስትሪን ማዋረድ ነው? ለኔስ ማክበር ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የማነሣው ዘመዶቼ እዚያ ስለሚኖሩ ብቻ አይደለም። እነዚህ ከተሞች የልጆቻቸው እጅ ከትምህርቱ ቀድሞ ሥራ ውስጥ የገባባቸው ናቸው። ቡራዩን አይታችኋል። እኔ ባደግሁባት በሱሉልታ ከደርባ ሲሚንቶ የጫነው መኪና በጫንጮ በኩል እየመጣ ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ሲሊከንና ኦክስጅን ከካልሲየም ጋር የተጋቡበት ነገር ነው፤ የሲሊኮን የአጎት ልጅ በሉት። ሰበታ ውስጥ ስንቱ ወጣት በጨርቃ ጨርቅና በመጠጥ ፋብሪካ ይሠራል! በዓለም ዙሪያ ጨርቅ እጅ ላይ እንዲለሰልስ የሚነከርበት ሲሊኮን ነው፤ በምግብና በመጠጥ ፋብሪካ አረፋ የሚያጠፋው ሲሊኮን ነው። ፋርማሲ ግቡ፤ ለሆድ መነፋት የሚሰጠው ሲሜቲኮን እሱው ነው፤ ሥራውም እዚያም አረፋ ማጥፋት ነው። ጤና ጣቢያ ግቡ፤ ጃዴል የሚባለው፣ በክንድ ቆዳ ሥር ገብቶ ለአምስት ዓመት እርግዝና የሚከላከለው መድኃኒት ሁለት ቀጫጭን የሲሊኮን ዘንግ ነው። ኢምፕላኖን ግን ከሌላ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። እኅቶቻችን በገዛ ክንዳቸው የተሸከሙትን ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ መብታቸው አይደለም እንዴ? ትምህርት ቤት ካልነገራቸው ወሬ ይነግራቸዋል፤ ወሬ ደግሞ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

«አንተ የቋንቋ ተማሪ ምን አገባህ?» ላልከኝ ጓደኛዬ አሁን ልመልስ። የሚያገባኝ ቃሉ ነው። በኛ አፍ «ሲልከን» የምንለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ውጧል። ስልክህን አውጣ። ውስጡ ያለችው፣ የምታስበዋ ቅንጣት፣ ከሲሊከን የተሠራች ናት፤ ንጥረ ነገሩ ማለት ነው። መስታወቱ ሲሊከን ከኦክስጅንና ከሌሎች ጋር ሆኖ ነው። ሽፋኑ፣ ያ ለስላሳው ጎማ፣ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ነው። በአንድ ስልክ ሦስት ወንድማማች ተቀምጠዋል፤ እኛ ግን ሁሉንም «ሲልከን» ብለን አልፈናል። ስሙ ያልተለየ ነገር አይታሰብም፤ ያልታሰበ አይጠየቅም። በ1980ዎቹ የወጣው የእንግሊዝኛ አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የተደከመበት ለዚህ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሩ ለዚህ ነበር። ያክስቴ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ሆነበት። ዐሸዋን «ጭረቻ» ሲል ያውቀዋል፤ ተጫውቶበታል፤ ተሸክሞታል። በእንግሊዝኛ «ሲሊካ» ሲሉት ግን ሌላ አገር የሚገኝ ማዕድን መሰለው። እንግሊዝኛው ይቅር አላልኩም። ድልድይ ይሠራለት ነው ያልኩት። ድልድዩን የመሥራት ዕዳ ደግሞ የኬሚስትሪ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የኛም ነው።

ሌሎች ተቃውሞዎችም አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ላብራቶሪ የለም» የሚለው ነው። ለዚህ ትምህርት ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ቱቦ ሲልከን ለአንድ ትምህርት ቤት ሁሉ ይበቃል። በብርጭቆ ላይ ትንሽ ቀቡና የረጠበ ሊትመስ ወረቀት ጠጋ አድርጉበት፤ ሰማያዊው ቀይ ይሆናል። ያ አሲድ ነው። ሊትመስ ከሌለ ከወይን ጠጁ ጥቅል ጎመን የተቀቀለ ውሃ ይተካዋል። የደረቀው ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉ፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቆማል። መስኮት ከፍታችሁ፣ መምህሩ በጉጠት ይዞ፣ የፌስታል ቁራጭና የሲልከን ቁራጭ ነበልባል ላይ አሳዩ። ፌስታሉ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሲልከኑ አይቀልጥም፤ ቆይቶ ቢቃጠል እንኳ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ያ ዱቄት ሲሊካ ነው፤ ከዐሸዋ ወጥቶ ወደ ዐሸዋ ተመለሰ ማለት ነው። ይኼንን ያየ ልጅ መቼም አይረሳውም።

ሁለተኛው «ብሔራዊ ፈተናው አይጠይቅም» የሚለው ነው። እንግዲያው ስለ ፈተናውም እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደግ ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ሽምደዳ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ጦርነቱም፣ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረቱም አለ። ነገር ግን «ለፈተና ስንል የኑሮውን ትተነዋል» የሚል ሰው ፈተናውን እንኳ አላገኘውም። ሁለቱንም አጣ!

ሦስተኛው «ሲሊኮን እኛ አገር አይመረት፤ ለምን እናስተምረዋለን?» የሚለው ነው። አይመረትም፤ እውነት ነው። አንድ ኪሎ ሲሊከን ከዐሸዋ ለማላቀቅ ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ ይጠይቃል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የኅዳሴ ግድብ ተመረቀ ብዬ ነገ የሲሊኮን ፋብሪካ ይተከል አልልም፤ መፈክር በቅቶናል። የምለው ሌላ ነው። የሚያመርት ሰው ባያውቅ እንኳ የሠራው ነገር ያስተምረዋል። የሚገዛ ሰው ካላወቀ ግን ሻጭ የሰጠውን ይቀበላል። እኛ ገዢዎች ስለሆንን ነው ይበልጥ ማወቅ ያለብን።

ማወቅ ስል ምስጋናውን ብቻ ማለቴም አይደለም። ሲሊኮን ቶሎ አይበሰብስም፤ ከተራው ፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎም አይቀልጥም። በፀጉር ቅባትና ኮንዲሽነር ጠርሙስ ጀርባ «ሳይክሎፔንታሲሎክሴን» የሚል ረጅም ስም ካያችሁ የቀለበት ቅርጽ ያለው ሲሊኮን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይኼንንና መሰሉን፣ በውኃና በፍጥረታት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ታጥበው በሚሄዱ መዋቢያዎች ውስጥ ከ0.1 ከመቶ በላይ እንዳይገኝ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክሏል። እኛ ጠርሙሱን እንገዛለን፤ ጀርባውን ግን አናነብም። እሱም ኬሚስትሪ ነው። እኅቶቼ፣ እናንተም ወንድሞቼ፣ ዛሬ ማታ ጠርሙሳችሁን ገልብጡና እዩት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሚኒስቴር እስኪያዝ እንጠብቅ አልልም። ከነዚህ ሦስት ከተሞች የመጣን ተማሪዎች በዚህ ግቢ ጥቂቶች አይደለንም። ለእረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን በየሰፈራችን አንድ ከሰዓት በኋላ እንስጥ። አንድ ቱቦ፣ አንድ ብርጭቆ፣ ሊትመስ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሻማ፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ትምህርቱን ያዘጋጁ፤ ስሕተት እንዳይገባ ይጠብቁ። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ አንድ ገጽ እንጻፍ፤ ይችን ጽሑፍ ያባዛችው ማሽን እሱንም ታባዛለች። በገጹ ላይ ዐሸዋ፣ ሲሊከን፣ ሲሊካና ሲሊኮን የየራሳቸውን መሥመር ያግኙ። ከሥሩም በትልቁ ይጻፍ፦ «አቼቶ የሚሸተው ለቆርቆሮ፣ ለሲሚንቶና ለእምነ በረድ አይሆንም።» ይችን ገጽ በየመስታወት ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይም እንለጥፋት፤ በትምህርት ቤት ያላለፈም ሰው ያንብባት።

ያክስቴን ልጅ ባለፈው እሑድ አገኘሁት። አሁን ቱቦ ከመግዛቱ በፊት ገልብጦ ያነባል። አለቃውም ሥራ ሲመጣ «ይኼኛው የትኛው ነው?» እያለ እሱን ይጠይቀዋል። የተቆረጠበት ገንዘብ ግን አልተመለሰለትም። ኬሚስትሪውን የተማረው ከፍሎ ነው፤ ትምህርት ቤት በነፃ ሊሰጠው ሲገባ።

ከላይኛው አልጋ ያለው ጓደኛዬ ይችን ካነበበ በኋላ መልስ ካለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ባይጽፍም ግድ የለም፤ ሊትመሱን ግን ከሱ ነው የምበደረው።